የማይደገፉት ዘንግ

በእኛ አገር ዘንግ የሚደገፉት ነገር ነው። ቀብር ላይ የቆመ ሰው፣ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው፣ በአጥር ላይ አሻግሮ ስለ ገብሱ ከጎረቤቱ ጋር የሚያወራ ሰው፣ ሁሉም ብብቱን ወይም አገጩን ዘንጉ ላይ አሳርፎ ነው። ዘንግ ይዞ ሳይደገፈው የቆመ ሰው ካያችሁ ወይ ውሻ ፈርቷል ወይ ጠብ ፈልጓል። እኔ ከጃፓን ከተመለስሁ ወዲህ መደገፍ ትቻለሁ። ለእርከን ሥራ ገበሬዎች ዘንድ ስወጣ የያዝሁትን ዘንግ ከጎኔ ቀጥ አድርጌ እቆማለሁ፤ የአክስቴ ባል ባየኝ ቁጥር "ይቺ ልጅ ዘብ ተቀጠረች እንዴ?" ይለኛል። እስቃለሁ። ላስረዳው ስሞክር ግን ነገሩ ይረዝምብኛል፣ እርሱም መሀል ላይ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል። እዚህ የሚሄድብኝ ስለሌለ ረጅሙን ልናገር።

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። በማሕሌት ጊዜ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ፣ እግሩና ዘንጉ ከዜማው ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያስተምሩት እርሳቸው ናቸው። ከስማዳም ከእስቴም ተማሪዎች እየመጡ ከቤታችን ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። እኔ ትምህርቱን ከገለባ ክምር አጠገብ ተቀምጬ አየሁት እንጂ አልተማርሁትም። ሴት ልጅ በዚያ ረድፍ አትቆምም። አባዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አውርዶ ማቀበል የእኔ ሥራ ነበር፤ ማቀበል ብቻ። በዚህ ነገር ከፍቶኝ አያውቅም ብል እዋሻለሁ። ከፍቶኝ ያውቃል፤ ግን ለማን ይነገራል ብዬ ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ጋር ታገልሁ።

መጽሐፉም ጃፓን አደረሰኝ። በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ የምማርበት የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘሁና ተራሮቿ በመንደሪን ዛፍ ወደተሞሉ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄድሁ። አባዬ ሲሸኙኝ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ያንን ምርቃት እንደ ስንቅ ነበር የያዝሁት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን እንዲህ ብቸኛ እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። አፌ ከሰላምታና ከገበያ ውጭ የሚከፈትበት ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ ከአንድ አዳራሽ ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፤ የእንጨት ወለል ላይ አንድ ላይ ያርፋል፣ አንድ ላይ ይነሳል። በመስኮቱ አየሁ። ሴቶች ናቸው። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ዘንግ ይዘዋል። እዚያው መስኮቱ ሥር ሽንኩርቴን ታቅፌ እንባዬ መጣ፤ ናፍቆት ይሁን ቅናት እስካሁን አልለየሁትም። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ፀጉር ያላቸው አጭር ሴትዮ በሩን ከፍተው ወደ ጫማዬ ጠቆሙኝ። አውልቂ ማለታቸው ነበር። አውልቄ ገባሁ።

የሚማሩት ናጊናታ ይባላል። ድሮ ጫፉ ላይ ቀለስ ያለ ስለት የነበረው የጦር መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ስለቱ ቀርቶ ከእንጨትና ከቀርከሃ ይሠራል፣ በአብዛኛውም የሚማሩት ሴቶች ናቸው። አጭሯ ሴትዮ መምህርቷ ነበሩ። መንደሪን አምራች ናቸው፤ እጃቸው የእኛን አገር ገበሬ እጅ ይመስላል። በዚያ ዕድሜያቸው ዘንጉን ሲያነሱት ግን ክብደት ያለው አይመስልም ነበር።

ገና በጀመርሁ ሰሞን ነው የመጀመሪያውን ቁጣ የቀመስሁት። መምህርቷ ስለ ወገብ አቀማመጥ ረጅም ነገር እያስረዱ ነበር። ቋንቋው ሳይገባኝ ሲቀር ሰውነቴ የለመደውን አደረገ፤ ዘንጉን ብብቴ ሥር አስገብቼ፣ አንድ እግሬን አሳርፌ፣ አገጬን እጄ ላይ ጥዬ ማዳመጥ ጀመርሁ። ቤተ ክርስቲያን ብሆን ኖሮ ማንም ዞሮ አያየኝም ነበር። እዚህ ግን ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። መምህርቷ መጥተው ዘንጉን ከብብቴ ቀስ ብለው አወጡት።

"አሞሻል?" አሉኝ።

"አላመመኝም።"

"ደክሞሻል?"

"አልደከመኝም። በአገሬ ዘንግ የሚያዘው እንዲህ ነው።"

አብራኝ በላቦራቶሪ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛ ስለምትችል እርሷ እያስተረጎመች ነገሩ ተብራራ። መሣሪያ አይደገፉትም፣ አይሻገሩትም፣ ወለል ላይ አይጥሉትም። ይዞሽ የሚቆመው እግርሽ እንጂ ዘንጉ አይደለም። እኔም በተራዬ በእኛ ዘንድ ሰዎች ለጸሎት ለብዙ ሰዓት ስለሚቆሙ ዘንጉ የተሰጠው ለመደገፊያ መሆኑን ነገርኋቸው። መምህርቷ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ጠየቁኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስላቸው ቅንድባቸው ከፍ አለ። "እንግዲያው እግር አላችሁ" አሉና ትምህርቱን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሲሰለቸኝ አይተው "ተደገፊ!" እያሉ የሚያሾፉብኝ ነገር መጣ፤ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አንድ ሰው በባዕድነቴ ሳይሆን በጥፋቴ ሲያሾፍብኝ ያኔ ነው ቤት ያገኘሁ የመሰለኝ።

ትምህርቱ የአባቴ ተማሪዎች የሚማሩትን ይመስል ነበር። ማብራሪያ የለውም። አንዷን እርምጃ ደግመሽ ደግመሽ ትሄጂያታለሽ፤ ለምን ብለሽ ስትጠይቂ መልሱ እንደገና ማሳየት ነው። አንድ ወር የሠራሁትን ነገር አንድ ቀን ጠዋት "አሁን ጀመርሽ" ብለውኛል። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድሜ በሩ ላይ ነበርሁ።

ችግሩ የመጣው ከመደርደሪያው ነው።

በአዳራሹ የፊት ግድግዳ ከፍ ብሎ አንድ መደርደሪያ አለ። በላዩ ትንሽ የእንጨት ቤት፣ ውሃ ያለበት ስኒ፣ ለምለም ቅርንጫፍ ተቀምጠውበታል። ትምህርቱ ሲጀመርም ሲያልቅም ሁሉም በጉልበቱ ተቀምጦ መጀመሪያ ወደ ፊት ይሰግዳል፤ ቀጥሎ ለመምህርቷ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ። እኔ ወደ ፊት ሲባል ለግድግዳው ይሁን ለአዳራሹ ሳልጠይቅ አብሬ ስሰግድ ሰነበትሁ። አንድ ቀን ያቺን የላቦራቶሪ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። "የቦታው ጠባቂ ነው፤ መንፈስ በዪው" አለችኝ፣ ልክ የመብራት ማጥፊያው የት እንደሆነ እንደምታሳይ ሰው ቀለል አድርጋ። የመምህር ልጅ ነኝ፤ ስግደት ምን እንደሆነ ፊደል ሳልቆጥር የማውቀው ነገር ነው።

አባዬ ጋ ደወልሁ። የዝናቡን፣ የገብሱን፣ የላሚቱን ነገር ጨርሰን ነገሩን አወጣሁት።

"እመደርደሪያው ላይ ያለው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የቦታው ጠባቂ ነው ይላሉ።"

"አንቺስ?"

"ሳላውቅ ሰግጃለሁ፣ አባዬ።"

"ሳታውቂ ያደረግሽውን እግዜር ያውቃል። ለሰው እጅ መንሳት አክብሮት ነው፤ ለመምህርሽም ለጓደኛሽም እጅ ንሺ፣ ማን ከለከለሽ? ምንነቱን ለማታውቂው ግን አትስገጂ። ለዚያ መደርደሪያ አትስገጂ፣ ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ደሞስ ዲግሪ ልትማሪ የሄድሽ ልጅ ዱላ ይዘሽ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?"

"ደስ ይለኛል፣ አባዬ።"

"ደስ ይላታል!" አሉ፤ ለእናቴ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ ብደውል አልሠራም። በማግስቱም አልሠራም። አገር ቤት ደፍርሶ ነበርና ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእኛ የጋይንት ኔትወርክ ጠፋ፤ ባሕር ዳር ያለ የአክስቴ ልጅም መንገዱ ስለተዘጋ ከቤት ወሬ የለውም። አባዬ ተቆጥተው ዘግተውብኝ ነው ወይስ መስመሩ ነው ያቋረጠን? የተቆጣ ሰው ዝምታና የኔትወርክ ዝምታ ከሩቅ ሲሰሙት አንድ ነው። አትስገጂ ያሉኝን ተረድቻለሁ፤ በእርሱ ክርክር የለኝም። ግን ትምህርቱንም ተዪ ማለታቸው ነበር? እምቢ ብዬ ብቀጥልስ ያ ሲሸኙኝ የሰጡኝ ምርቃት ከእኔ ጋር ይቆያል? አባቴ ቃላቸውን የሚደግሙ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸውን አልፋ የሄደች ልጅ እንድሆንባቸው አልፈልግም ነበር። ያንን አዳራሽ ብተው ደግሞ እዚያ አገር የቀረኝ ገበያና ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የምጠይቀው ሰው ተራራና ባሕር ማዶ ነው፤ የምወስነው ግን እኔ ነኝ።

መምህርቷን ከትምህርት በፊት ለብቻቸው አገኘኋቸው። ጓደኛዬ እንድታስተረጉም አብራኝ ነበረች። መንደሪን እየላጡ ነበር።

"ወደ ፊት መስገድ አልችልም" አልሁ። "ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። የቤቱ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ እንዲለወጥልኝ አልጠይቅም። እወጣለሁ።"

እርሳቸው መጀመሪያ መንደሪኗን ልጠው ጨረሱ።

"ለእኔስ?" አሉ።

"ለእርስዎ እሰግዳለሁ።"

"አብራሽ ለምትሠራው?"

"ለእርሷም።"

"እንግዲያው ሌሎቹ ወደ ፊት ሲሰግዱ አንቺ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ትቀመጫለሽ። ግን በሥርዓት ነው። ወዲያ ወዲህ ማየት፣ ፀጉር መነካካት የለም። ካልሰገድሽ አለመስገድሽ የታወቀ ይሁን።" ከመንደሪኗ ግማሹን ሰጡኝ። የዐቢይ ጾም ነበር፤ የመብያው ሰዓት ገና አልደረሰም። ኪሴ ስከተው እርሱንም ለምን ብለው ጠየቁኝና ነገርኋቸው፤ "ብዙ ሥርዓት አለሽ" አሉና ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሁሉ እንዲያ ሆኜ ተማርሁ። ሁሉም ጎንበስ ሲል እኔ ብቻዬን ቀና ብዬ እቀራለሁ፤ አጫጆች አልፈዋት እንደ ቀረች አንዲት የስንዴ ዛላ። ቀላል አይደለም። የሰዎቹን ጀርባ እያየሁ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ "ስምህ ይቀደስ" ላይ ስደርስ እነርሱ ቀና ይላሉ። በየዕለቱ በዚያች ቅጽበት አባቴን አስባለሁ። ታዝዣቸዋለሁ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እዚሁ ተቀምጬ እንዴት ታዘዝሁ እላለሁ። መምህርቷም ቢሆኑ ቃላቸውን አልረሱም። አንድ ቀን ትምህርት ሲያልቅ ጠርተው፣ ስለ እግሬ ሊነግሩኝ ነው ስል፣ "ዛሬ አለመስገድሽ ዝርክርክ ነበር፤ ትከሻሽ ወድቋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ደክሞኝ ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ እናቴ አነሳች፤ ተላቀስን። አባዬ ተቀበሏት። ጤና ጠየቁኝ፣ ትምህርትሽ አሉኝ፣ ብርዱ አሉኝ። ስለ አዳራሹ አንድም ቃል አልጠየቁም። እኔም አላነሳሁም፤ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ በደወልሁ ቁጥር ነገሩ በመካከላችን እንደተቀመጠ እንግዳ ነበር፤ ሁለታችንም እናየዋለን፣ አንዳችንም ተነስ አንለውም።

ዲግሪዬን ጨርሼ ልመለስ የመጨረሻውን ቀን ለመሥራት አዳራሹ ሄድሁ። ወደ ፊት ሲሰገድ እንደ ልማዴ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ለመምህርቷ ስንሰግድ ግን ግንባሬን ወለሉ አጠገብ አድርሼ ቆየሁ፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ቆየሁ። ቀና ስል እርሳቸው ገና አልተነሱም ነበር። ነጭ ፀጉራቸው ወደ እኔ እንደተደፋ ነበር። ሲነሱ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ዘንጌን ልስጥሽ ብዬ ነበር፣ ለአውሮፕላን ይረዝማል አሉኝ ብለው ተማረሩ። በምትኩ ከረጢት ሙሉ መንደሪን አሸከሙኝ።

ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫ ደግሞ በባጃጅ እስከሚሄድበት፣ ቀሪውን በእግር ሄጄ ቤት ስደርስ አባዬ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ከቤቱ ጀርባ የነበሩት ጎጆዎች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ መንገዱ ሲያስፈራ ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ጉልበታቸውን ሳምሁ፣ አቀፉኝ፣ አለቀሱ። ግን የዚያ ስልክ ነገር አሁንም አልተነሳም። ቀናት አለፉ። ንፋስ መውጫ ወረዳው ውስጥ ሥራ ጀመርሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት እመጣለሁ፤ እርሳቸው ስለ እርከን ይጠይቁኛል፣ ስለ አፈር ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ተመልሰን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው ድንገት የጠየቁኝ።

"ያ ዱላሽ የት አለ?"

"እዚያው ቀረ፣ አባዬ።"

"ትምህርቱም እዚያው ቀረ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "አልቀረም። አልተውሁትም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ተማርሁት" አልሁ። "ለመደርደሪያው ግን አልሰገድሁም።"

"ማንን ልትመቺበት ነው የተማርሽው?"

"ማንንም።"

"ማንንም ካልመታሽበትማ ከእኛው ይቀራረባል" አሉና ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ከግድግዳው ያወረዱት ራሳቸው ናቸው፤ ያ ድሮ የእኔ ሥራ ነበር። ዘርግተው አቀበሉኝ። "እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "ኧረ አንቱ፣ መቋሚያውን?"

"ተይ አንቺ፤ አትሰብረውም።"

መቋሚያውን ተቀበልሁ። ለናጊናታ ያጥራል፤ ራሱ ላይ ያለውንም መስቀልኛ እንጨት ማወዛወዝ ስላልፈለግሁ ወደ ኋላ አድርጌ ያዝሁት። ወደ ግቢው መሀል ሄድሁ። በዚያ አዳራሽ መጀመሪያ ወደ ፊት ይሰገዳል፤ ያንን መዝለል ለምጃለሁ። ቀጥሎ ለመምህርት ነው፤ መምህርቷ መንደሪን ተክላቸው ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ አብራኝ ለምትሠራው ነው፤ እርሷም የለችም። ስለዚህ እግሬን ዘርግቼ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጌ እንዲሁ ጀመርሁ።

"ቁሚ!" አሉ አባዬ።

ቆምሁ።

"ምነው እጅ ሳትነሺ ጀመርሽ?"

"አባዬ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ አትስገጂ ያሉኝ?"

"ለመደርደሪያው አልሁ እንጂ። ለመምህርሽ እጅ ንሺ አላልሁም?" ተቀምጠው ከነበሩበት መደብ ላይ ቀና አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አሁን ከፊትሽ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ መደርደሪያ ነኝ?"

እናቴ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። የዚያን ስልክ ቃል አንዲቱን እንኳ አልጣሉም ነበር፤ ያን ሁሉ ወራት እንደ እኔው ይዘውታል። ትምህርቱን ተዪ አላሉኝም። መቼም አላሉኝም።

ወደ ግቢው መግቢያ ተመልሼ ሄድሁ። መቋሚያው አፈር እንዳይነካ በሁለት መዳፌ ይዤ ተንበረከክሁና፣ ግንባሬ መሬቱን እስኪነካ ሰገድሁላቸው። ቶሎም አልተነሳሁም።

"በይ፣ አሁን ጀምሪ" አሉኝ።